የኦኖፍሬ ቀን

ሪዮ ጋዬጎስ፣ አርጀንቲና
ማርች 12፣ 1996

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ዶሮቴዎ ቺጓይ
ኬቹማ፣ ቺሎኤ ደሴት

ይህች ወረቀት ከዚህ አገር ነፋስ አምልጣ እጅዎ ከገባች፣ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ በጤና፣ ሆድዎ ሞልቶ እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ሬሚሂዮ አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን።

አያስታውሱኝ ይሆናል። የአጎትዎ ልጅ የኦኖፍሬ ልጅ ኤደልሚራ ነኝ። አባቴ እኔንና እናቴን ይዞ ከኬቹማ ወደዚህ ሲሻገር ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። አባቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ማረፉን ጽፌልዎ ነበር፤ ይድረስዎ አይድረስዎ ግን አላወቅሁም።

አሁን የምጽፍልዎ ለጉዳይ ነው። አባቴ ኬቹማ ላይ ዱር እንደነበረው እናውቅ ነበር፤ ወረቀቱ ዘንድሮ በስሜ ዞሮ መጣልኝ። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ እስከ መቃብሩ ድረስ የሚዘልቀው ነው አሉኝ። ዶን ሊሳንድሮ የሚባል የእንጨት ነጋዴ ሽጭልኝ ብሎ ጽፎልኛል። ዛፉን ቆርጦ ማገዶ ሊያደርገው፣ መሬቱን አጥሮ ለከብት ሊያውለው ነው።

እውነቱን ልንገርዎ አጎቴ፣ ይህ ዱር ለእኛ ከሰማይ የወረደ ነው። ሬሚሂዮ ከድንጋይ ከሰሉ ሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ስፌት ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ነፋሱ ከጣሪያችን ግማሹን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጋዴው፣ ድንበሩን የሚያውቅ የአገር ሽማግሌ «በዚህ ዱር ማንም ሰው አያልፍም፣ ማንም አይጠቀምበትም» በሚለው ወረቀት ላይ እንዲፈርም ይፈልጋል። በሕይወት ካሉት ውስጥ እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለም አሉኝ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። አሻራዎን አኑረው ቢመልሱልኝ ውለታዎን አልረሳም።

እጅዎን እስማለሁ።
ኤደልሚራ ቺጓይ


ኬቹማ፣ ሜይ 2፣ 1996

ለኦኖፍሬ ልጅ ለኤደልሚራ

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ ባልሽንም ሥራ ይስጠው።

የምናገረው እኔ ዶሮቴዎ ነኝ፤ የሚጽፈው ሳቱርኒኖ ነው፣ የጸሎት ቤታችን ጸሎት መሪ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እሱ ቆጥሯል፤ መረብ መጠገን ግን አይችልም። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ በሐሙስ ጀልባ መጣ። የአባትሽን ሞት ያኔ ሰምተናል። ዘጠኝ ቀን ጸሎት ቤት ተሰብስበን ጸለይንለት፤ ሰዉ ሁሉ መጣ፣ ከእሱ ጋር በአጥር የተጣሉትም መጡ። መልስ ያልጻፍኩልሽ ስለ አባትሽ በአጭሩ መናገር ስለማልችል ነው። ሳቱርኒኖ ደግሞ ከአንድ ወረቀት ሲያልፍ እጄን አመመኝ ይላል።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ዱሩ ያንቺ ነው፤ ሽጪው። የሚከለክልሽ የለም፣ እኔም አልከለክልሽም። ጣሪያ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?

ወረቀቱን ግን ያለ አሻራ መልሼልሻለሁ፤ አትቆጪ። ሳቱርኒኖ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። «ማንም ሰው አያልፍም» ይላል። ውሸት ነው። አንድ ሰው ይሄድበታል። ሚስቱ መቃብሩ ውስጥ ናት፤ ሊያያት በየቀኑ ይሄዳል። እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አውራ ጣቴን ውሸት ላይ አላኖርም።

ቃሉን ለውጪው። «አንድ ሰው ይመላለስበታል፤ ሲሸጥ ይተዋል» ብለሽ አስጽፊ፣ ያን ጊዜ አሻራዬን አኖራለሁ። ሳቱርኒኖ፣ «አንድ ሰው ያልፋል ማለት አይበቃም?» አለኝ። «ሰውዬው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌን ያልፋል ብለህ አትጻፍበት፣ ለጆሮ አያምርም። ይመላለሳል በል» አልኩት። አሁንም ልዩነቱ አልገባውም፤ የሞተ ሰው ስንት ጊዜ ቀብሯል፣ ግን አልገባውም።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ለነጋዴሽ ምኑም አይደለም። ሌላ መንገድ አለው፤ በኮረብታው ላይ የሚዞረው የጋሪ መንገድ። ጥሩ መንገድ ነው።

ድንቹ ዘንድሮ ደህና ወጥቷል። ዝናቡ እንደምታውቂው ነው፤ ወይም ረስተሽው እንደሆነ፣ ዝናብ ነው።

ዶሮቴዎ ቺጓይ፣ አውራ ጣቱ ከዚህ በታች


ሪዮ ጋዬጎስ፣ ጁን 9፣ 1996

ለተከበሩ አጎቴ

ደብዳቤዎን ሳነብ አባቴ የሚናገር መሰለኝ። ሬሚሂዮ ከጓዳ፣ «ከማን ጋር ነው የምትስቂው?» አለኝ። እርስዎም፣ ደብዳቤውን የጻፉልኝ ዶን ሳቱርኒኖም ጤናና ደረቅ ማገዶ አይለያችሁ።

ነጋዴው ቃሉ ቢለወጥ ግድ የለኝም ብሏል። እንዳሉት አስጽፌ አዲሱን ወረቀት ልኬልዎታለሁ። ቀብድ ከፍሎኛል፤ ነገሩን ከጸደይ በፊት እንድንጨርስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባይዘገይብኝ።

ሌላ ልመና ደግሞ አለኝ፤ ይህኛው የነጋዴው አይደለም፣ የራሴ ነው። የምሸጠውን ነገር አላውቀውም። እዚህ አገር ዛፍ የለም፤ በመንገዳችን ላይ አንድ አለ፣ እሱም ነፋሱ ጎንበስ አድርጎት የወደቀ ነገር የሚፈልግ ሰው ይመስላል። ስለዚያ ዱር የማስታውሰው አንዲት ነገር ናት። አባቴ እጄን ይዞ ይሄዳል፣ እኔ አልቅሻለሁ፣ ፊቴ ግሎ ነበርና ጉንጬን የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ላይ አስደገፈኝ፤ ዝም አልኩ። ድንጋይ ይሁን ግድግዳ አላውቅም። ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ ምን ምን አለ? ደግሞስ የሚመላለሰው ሰው ማን ነው? ከሸጥኩት በኋላ በኮረብታው ያን ያህል መዞሩ አይከብደውም? ያ የጋሪ መንገድ፣ አባቴ ሲያወራ እንደሰማሁት፣ በሬ እንኳ የሚያስለከልክ ነው።

አክባሪዎ
ኤደልሚራ


ኬቹማ፣ ኦገስት 18፣ 1996

ልጄ ኤደልሚራ

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው እግሩ ይባረክ። ቤታችሁን ነፋስ ይለፈው።

የዘገየሁት በባሕሩ ነው። ሁለት ሳምንት ጀልባ አልመጣም። ዱቄት ያለቀባቸው ተበደሩ፣ ትምባሆ ያለቀባቸው ተቆጡ።

ዱሩን ይንገሩኝ አልሽ። የሚነገር ሳይሆን የሚኬድ ነገር ነው። ስለዚህ ትናንት ዝናቡ ጋብ ሲል ሳቱርኒኖን፣ «ደብተርህን ያዝ፣ ቦቲህን አጥልቅ፣ እንሄዳለን» አልኩት።

«በዚህ ጭቃ?»

«ገነት በጀልባ የምትገባ መስሎሃል? በእግርህ ተለማመድ።»

አጭር መንገድ ናት። ቁልቁለቷ ከቤቴ እስከ ባሕሩ ያለችው ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት የሚባል የለም፤ ልጅ ሆነሽ እየሮጥሽ ትጨርሻት ነበር። ባሕሩ ሩቅ ሸሽቶ ነበርና ሴቶቹ ዛጎል ይለቅማሉ። ያቺ ቤላርሚና ገና ከሩቅ አይታን ጮኸች።

«ዶን ዶሮቴዎ! ዛሬም ለሚስትዎ ወሬ ሊያደርሱ ነው?»

«አዎ፣ ያንቺን ነው የምወስድላት!»

«ምን ብለው?»

«ስታጎነብስ ወገቧ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል እላታለሁ!»

«የእርስዎንስ ጉልበት ይነግሯታል?»

ባለጌ ናት። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ግን ዛጎል ሲተርፋት ደጄ ላይ ሳታስቀምጥ አታልፍም፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች።

እዚያ የተገለበጠ ጀልባ አለ። ሳቱርኒኖ ደክሞት ስለነበር ጥቂት ተቀመጥንበት። ከዚያ በጠጠሩ ላይ፣ ባሕሩ የተፋውን የባሕር ሣር እየረገጥን ጅረቱ እስከሚገባበት ሄድን። ጥቁር አንገት ያላቸው ነጫጭ ዝዮች ውሃው ላይ ተኝተዋል። ሳቱርኒኖ ልቁጠራቸው አለ፤ ቆሞ መቁጠር አይችልም፣ ተቀመጥን። እሱ ሠላሳ አንድ ናቸው አለ፤ እኔ ሠላሳ ነው አልኩ። ተከራከርን። አንደኛው ድንጋይ ነበር።

ጅረቱን የምንሻገረው በሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነው። ያኖራቸው አባትሽ ነው፤ አንዱም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሳቱርኒኖ ቦቲ ግን ውሃ አስገባ፤ እስኪያራግፈው ማዶ ተቀመጥን።

ከጅረቱ ማዶ ዱሩ ይጀምራል። ሦስት እርምጃ ስትገቢ የባሕሩ ድምፅ ይጠፋል፤ በር የዘጋሽበት ያህል ነው። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ግንዱ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። ትንሽ እንደሄድን የመንገደኛን ዕድል የሚናገረው ቹካኦ ወፍ ጮኸ፤ ሁለታችንም ቀጥ አልን።

ሳቱርኒኖ ቀስ ብሎ፣ «በቀኝ ነው አይደል?» አለኝ።

«በቀኝ ነው።»

«እኔ እንኳ አላምንበትም» አለ።

በግራ ጮኾ ቢሆን ኖሮ ከእኔ ቀድሞ ቤቱ ይገባ ነበር። ልቡ እስኪመለስ ወድቆ በኖረው ግንድ ላይ አረፍ አልን።

ከዚያ አራያኖቹ ናቸው። አንቺ ድንጋይ ነው ግድግዳ ነው የምትይው እሱ ነው፤ ዛፍ ነው። ግንዱ ቀይ ነው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፤ በበጋ እንኳ ብትነኪው እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ባለቀስሽ ጊዜ አባትሽ ወደዚያ ይወስድሽ ነበር፤ እናትሽ «አገኘህ ደግሞ መድኃኒት!» እያለች ትስቅበት ነበር፤ አንቺ ግን ዝም ትይ ነበር። ትናንት ሳቱርኒኖ ከእነሱ ሥር ሲደርስ እግሬ አለ፤ ተቀመጥን። እኔም ማንም ሳያየኝ ጉንጬን አስደገፍኩ። ሳቱርኒኖ አይቷል፤ ይጻፈው እንግዲህ።

ከአራያኖቹ ወጥተሽ የእናንተ ቤት የነበረበት ገላጣ አለ። ቤቱ የለም። የፖም ዛፎቹ አሉ፣ ፍሬያቸው እስካሁን ጥሩ ጠጅ ይወጣዋል። የምድጃችሁ ድንጋይ አለ፤ ሳቱርኒኖ እዚያ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ብቻውን እንዳይሆን አጠገቡ። ከዚያ መቃብሩ ነው። የሚስቴን የክሎሪንዳን መቃብር የሸፈነውን ትንሽ ቤት ባለፈው ዓመት በአዲስ ሳንቃ ከድኜላታለሁ፣ መስኮቱም ወደ ባሕር ነው። መግቢያው ደረጃ ላይ ኮፍያችንን ለማውለቅ ተቀመጥንና ገባን። ምን እንደምላት አይመለከትሽም።

የሚመላለሰው ሰው እኔ ነኝ። ሳቱርኒኖ «ገምታለች» ይላል። ከገመትሽ ገምተሻል።

አሁን ስለ አባትሽ ላውራ፤ ሳቱርኒኖ ሁለተኛ ወረቀት አውጥቷል።

አባትሽ በሄደበት ዓመት ባሕሩ የቤቴን ደጅ መብላት ጀመረ። ቤቱን ወደ ላይ ማንሣት ነበረብን። ሰው ሁሉ መጣ። ቤቱን ከነምድጃው በግንዶች ላይ አድርገን በስድስት ጥማድ በሬ ጎተትነው። ክሎሪንዳ አልወጣም አለች፤ «እኔ ከወጣሁ ሳህኖቼን ማን ይይዝልኛል?» አለች። የዳገቱ አጋማሽ ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ቤቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሁሉም ከሥሩ ሸሸ፤ መሸሽም ነበረበት። አባትሽ አልሸሸም። ግንድ በትከሻው ይዞ ከሥር ወተፈው። ቤቱ ቆመ። የተሰበረው አንድ ሳህን ነው። የአባትሽ ትከሻ ግን ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ቀረ፤ አይተሽው ይሆናል፣ ከምን እንደሆነ ግን አልነገረሽ ይሆናል።

በአገራችን ቀን የሚመለሰው በቀን ነው። አንተ ለእኔ አንድ ቀን ከሠራህ እኔም ለአንተ አንድ ቀን እሠራለሁ፤ ማታ የሥራው ባለቤት ያበላኛል፤ ያን ጊዜ ቀኑ ተዘጋ ይባላል። ባለቤቱ ሳያበላኝ ብሄድ ቀኑ ክፍት ነው፣ አሁንም አለብኝ። የሌሎቹን ቀን ሁሉ በዚያው ዓመት መለስኩ። አባትሽ ግን በሁለተኛው ሳምንት እናንተን ይዞ ሄደ። ስለዚህ በየዓመቱ ከሙታን ቀን በፊት አንድ ቀን ለእሱ እሠራለሁ፤ ከጅረቱ እስከ መቃብሩ መንገዱን በገጀራ እመነጥራለሁ። የሚያበላኝ ስለሌለ ቀኑ አይዘጋም። በዓመቱ እንደገና እመነጥራለሁ።

አዲሱ ወረቀት እዚሁ ውስጥ አለልሽ፤ አሻራዬን አኑሬያለሁ። ሽጪው፣ ጣሪያሽን ክደኚ፤ አባትሽም ይህንኑ ይልሽ ነበር። ለእኔ የኮረብታው መንገድ አለልኝ። እግሬ ጥሩ ነው።

ዶሮቴዎ


ሪዮ ጋዬጎስ፣ ኖቬምበር 20፣ 1996

ለውድ አጎቴ

ሦስት ወር ዝም ያልኩበትን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ለሬሚሂዮ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ የአባቴ ትከሻ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝና እሱ ጨረሰው። ትከሻው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ማዕድን ውስጥ ነው» ይለን ነበር። ሁልጊዜ «ማዕድን ውስጥ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከነጋዴው ጋር ስከራከር ነበር፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

አጎቴ፣ ስለ ዶን ሳቱርኒኖ በጣም አዝኛለሁ። ከቤትዎ እስከ መቃብሩ፣ ዳገት በሌላት በዚያች አጭር መንገድ፣ ሰባት ጊዜ ደክሟቸው ተቀመጡ። ሁለቴ ቆጠርኩት። እንዲህ የሚደክማቸው ሰው በኮረብታው መንገድ እንዴት ብለው ይወጣሉ? መሪ ከሌለ ደግሞ መቃብሩ ላይ ማን ይጸልያል? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ለእሳቸው ስል ሐሳቤን ለወጥኩ። ከመንገዱ በላይ፣ ወደ ኮረብታው ያለውን ለዶን ሊሳንድሮ ሸጥኩለት። ከመንገዱ ወደ ባሕር ያለውን አልሸጥኩም። መንገዱ፣ አራያኖቹ፣ የፖም ዛፎቹ፣ የምድጃችን ድንጋይ የእኔ ናቸው። ነጋዴው ጥሩ ጥሩው እንጨት ታች ነው ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ ተስማማ። የጣሪያችን ግማሽ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግማሹ ለጊዜው ሸራ ነው። ሬሚሂዮ በሸራው በኩል ነው መተኛት የምፈልገው፣ ነፋሱ ሲመታው ጀልባ ላይ ያለሁ ይመስለኛል ይላል።

አሻራዎ ያለበትን ወረቀት ለነጋዴው አልሰጠሁትም። አውራ ጣቴን አውራ ጣትዎ ላይ አሳረፍኩና፣ ከዚያ እሳት ውስጥ ከተትኩት። በእሱ ፋንታ ይህን አስጽፌ ልኬልዎታለሁ፤ ማኅተምም አለው፤ «በዚህ መንገድ ዶን ሳቱርኒኖ፣ እንዲሁም አብሯቸው መሄድ የፈለገ ማንኛውም ሰው፣ እስከወደዱ ድረስ ይመላለሱበታል» ይላል።

ስለ ቀኑ ደግሞ አፈርኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የእኛን ሥራ ሠርተው ሳይበሉ ሄደዋል። በጃንዋሪ እኔና ሬሚሂዮ በአውቶቡስ እንመጣለን። ሚልካኦ መሥራት ከእናቴ ተምሬያለሁ፤ ድንቹን ፍቄ፣ ጨምቄ፣ የአሳማ ጥብስ ሰግስጌበት፣ እዚያው ምድጃችን ድንጋይ ላይ እሳት አንድጄ አበላዎታለሁ። የአባቴን ቀን እኔ እዘጋልዎታለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።
ልጅዎ ኤደልሚራ


ኬቹማ፣ ዲሴምበር 15፣ 1996

ልጄ ኤደልሚራ

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ሸራሽንም ነፋስ አይድፈረው።

ደብዳቤሽን ሳቱርኒኖ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። በመጀመሪያው ስሜን ወረቀቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁትና ተቆጣሁ። በሁለተኛው ገባኝ። በሦስተኛው እሳቱ መቆስቆስ ያስፈልገው ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሰቆስኩ፤ ብዙ ቆሰቆስኩ።

ሳቱርኒኖ ያመሰግንሻል። እንዲህ ማመስገን የሚችል ሰው መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። በየቀኑ በሄደ ቁጥር ያመሰግንሻል፤ ጀልባው ላይ ሲቀመጥ፣ ጅረቱ ጋ ሲቀመጥ፣ አራያኖቹ ሥር ሲቀመጥ። ባለፈው ማክሰኞ ስምንተኛ መቀመጫ አገኘ።

አሁን ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ይህንን እኔ አልጽፍም፣ እኔ ከአንቱ በአሥራ አንድ ዓመት አንሳለሁ» አለኝ።

«ማኅተም ያለው ወረቀት ደክሞሃል ይላል። ከማኅተም ጋር ልትከራከር ነው?» አልኩት።

ጻፈው። እየሳቀ ነው የጻፈው፤ ፊደሉ ከተንጋደደ ለዚያ ነው።

በኦክቶበር መጨረሻ መንገዱን መንጥሬያለሁ። ሸጠሽው ይሆናል እያልኩም መነጠርኩ። ቤላርሚና፣ «ሊቆረጥ ላለ ዱር ነው እንዲህ የሚለፉት?» አለችኝ። «ቀኑ የሰውዬው ነው፣ የዱሩ አይደለም» አልኳት። ዛጎሏን አስቀምጣ ገጀራ ይዛ መጣች፤ እስከ ፖም ዛፎቹ ድረስ ከእኔ ጋር መነጠረች። አንድ ቀን አለብኝ ለእሷ ማለት ነው፤ ከዚያች ምላስ በፊት ቶሎ ብመልሰው ይሻለኛል።

ስለ ምግቡ ግን የማርመው ነገር አለ። «የሚያበላኝ ስለሌለ ቀኑ አይዘጋም» ብዬ አስጽፌልሽ ነበር። ያ እውነት አይደለም። ውሸት ላይ አሻራ አላኖርም ብዬ ፎክሬ፣ ከዚያች ውሸት ሥር ስሜን አስጽፌያለሁ። አክስትሽ ሩፊና በሕይወት ሳለች፣ በመጀመሪያው ዓመት መንገዱን መንጥሬ ስመለስ ደጇ ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«ዶሮቴዎ፣ ና ግባና ብላ። በወንድሜ ፋንታ እኔ ላብላህ፣ ቀንህ ይዘጋ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ሽታው ከውስጥ ይመጣል። «በልቻለሁ» አልኳት።

በዓመቱ ጠራችኝ፤ «በልቻለሁ።» በሦስተኛው ዓመት፣ «ማን ቤት ነው ሁልጊዜ የምትበላው አንተ ሰው? ክሎሪንዳ እንደሆነች ርቦት መጣ ነው የምትለኝ!» ብላ ጮኸችብኝ፤ ከዚያ በኋላ ተወችኝ።

ለምን እንደሆነ ለክሎሪንዳም አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር፣ በዚያን ቀን ማታ ሳትጠይቀኝ ሁለት ሳህን ታቀርብልኝ ነበር። ክሎሪንዳ ያ ገመድ ከተበጠሰ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረች ልጄ። ሃያ ስድስት ክረምት ከእኔ ጋር ተጨቃጨቀች፣ አንጎራጎረች፣ ሳህኖቿን አጠበች። ይህንን ሁሉ አንድ ቀን ገጀራ ይዤ ልመልሰው? ሩፊና ቤት ገብቼ አንድ ሚልካኦ በልቼ፣ አፌን ጠርጌ፣ ኦኖፍሬ ሆይ ተለያየን ልበለው? እምቢ አልኩ። ክፍት ይሁን። ክፍት እስከሆነ ድረስ በዓመት አንድ ቀን የኦኖፍሬ ሠራተኛ ነኝ። አባትሽን ማመስገን ገና አልጨረስኩም።

እንግዲህ ነይ። ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ሳቱርኒኖ በደከመው ቁጥር እንቀመጣለን። ምድጃችሁ ድንጋይ ላይ እሳቱን አንድጂ፣ ሚልካኦሽን ሥሪ፤ ባልሽ ይብላ፣ ሳቱርኒኖ ይብላ፣ ቤላርሚናም ሽታው ጠርቷት መምጣቷ አይቀርም። እዚያ የሥራው ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ለእኔ ስታቀርቢልኝ በልቻለሁ እልሻለሁ። አታምኚኝም። ግን አትለምኚኝ።

ቤቴ ስንመለስ ባለቤቱ እኔ ነኝ። የተረፈውን ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚያ ድስቱን እጨርሰዋለሁ።

ዶሮቴዎ ቺጓይ፣ አውራ ጣቱ ከዚህ በታች